ሳይቃጠል በቅጠል

ስለ ኮምፒዩተር የተጻፈ ነገር ሲያዩ «ይኸ የነእገሌ ጉዳይ ነው» ብለው የሚያልፉ ጓደኞች እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ ዛሬ አትለፉኝ። እኔም የምጽፈው ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን አጥፍቼ ስለ ነበር ነው።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። በእኛ ዘንድ ደቦ ሲጠራ ሰው አይጠፋም። ጠላው አለ፤ ዘፈኑ አለ፤ ጨዋታው አለ። ሰው ሁሉ ወጥቶ የሠራውን እርከን ግን በየክረምቱ እየዞረ የተናደውን ድንጋይ የሚመልሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። አባቴ ከነዚህ አንዱ ነው። ልጅ ሳለሁ «አባዬ፣ ማን አዝዞህ ነው?» ብለው፣ «ማን ይዘዘኝ? ዝናቡ ነዋ!» አለኝ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። የሚሠሩት ኡቡንቱ በሚባለው ሥርዓት ነው። ይኸ ሥርዓት ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ የውስጥ አሠራሩን ሊያይና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ነው። የክበቡ አባላት ኮምፒዩተሮቹን እንድጠብቅ እኔን መረጡኝ። ቁልፉን በኪሴ ይዤ መንጎራደዴን ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ነገሩን ላስረዳ። የኮምፒዩተር ሥርዓት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ፓኬጅ ከሚባሉ ብዙ ጥቅሎች የተገጣጠመ ነው። እንደ ጎጆ ቤት ምሰሶና ማገር አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋል። በየጊዜው ስሕተት ይገኛል፤ ቀዳዳም ይገኛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቅል በአዲስ ይተካል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር የኛዎቹ ሳይታደሱ ከርመዋል። መሥመሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ጥፋቱ የኔ ነው። «ይሠራ የለም እንዴ? የሚሠራን ነገር ምን አስነካኝ?» እያልሁ ዛሬን ወደ ነገ ገፋሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ፈተናው ሲቃረብ ጓደኞቼ ለመለማመድ መጡ። መለማመጃው ባረጀው ማሰሻ አልከፈት አለ። ደነገጥሁ። ያን ሁሉ የተጠራቀመ እድሳት በአንድ ምሽት በሁሉም ላይ ለቀቅሁት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ!

በማግሥቱ ሦስቱ ኮምፒዩተሮች አልነሣ አሉ። ግማሹ ጥቅል አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀርቷል። ጎጆው ፈርሶ ሳይሠራ እንደ ማደር ማለት ነው። ከጃቢ ጠህናን ገጠር በእግሯ እየመጣች የምትማር አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበረች። ኪቦርድ ነክታ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተማ ስትነካካው ከርመሃል፤ ታውቀዋለህ። እኔስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ መምህር ረድተውኝ በመጀመሪያ የተጀመረውን ጨረስን፤ ከዚያም የቀረውን አንድ በአንድ አስገባን። አራት ቀን ፈጀ። ልጅቱ የተለማመደችው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ለመሆኑ ይህን እድሳት የሚያዘጋጀው ማን ነው?» ብዬ አነብ ጀመር። ኡቡንቱ የተወለደው ከዴቢያን ነው። ዴቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ ሲሆን፣ ዛሬም የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ጥቅሎች አሉት። እያንዳንዱ ጥቅል ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። ጠባቂው ሲደክመው ወይም ሥራ ሲበዛበት «ከእንግዲህ አልችልም» ብሎ ያስታውቃል፤ ጥቅሉም «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አሳዳጊም ይፈለግለታል።

ጠባቂ ብቻውን ሲቀር የሚመጣውን አደጋ ዓለም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይቷል። ፋይል የሚያጨምቀውን ኤክስዜድ የተባለ ጥቅል ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ ይጠብቀው ነበር። አቅሙ እንደ ተዳከመ እ.ኤ.አ. በ2022 በግልጽ ጽፏል። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ግን «ላግዝህ» እያለ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ አመኔታ አገኘ፤ በመጨረሻም በአዲሱ እትም ውስጥ የስርቆሽ በር ሸሸገ። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ኮምፒዩተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዘገይበት «ለምን?» ብሎ መረመረ። ለሕዝብ የተለቀቀው የተረጋጋው ዴቢያን ሳይበከል ተረፈ። እንግዲህ አዲስ የሆነ ሁሉ ደግ አይደለም፤ መተኛትም መጣደፍም ያው ጥፋት ነው ማለት ነው።

«ይኸ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ፊደላችንን ይመልከት። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ተጨመሩ። የፊደል ጥቅሉ ያልታደሰ ኮምፒዩተር በነዚህ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል። አንድ ልጅ በቋንቋው የጻፈው ቃል ሣጥን ሆኖ ሲታየው ምን ይሰማው ይሆን? ነገ የምናስተምረው እኮ እንዲህ ያለውን ልጅ ነው!

ጓደኞቼ፤ አንድ አሳብ ላቅርብ። በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ አንድ ደብተር በሲባጎ ትሰቀል። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው፣ ቅዳሜ ጧት መብራት ባለበት ሰዓት፣ በመጀመሪያ አንዱን ኮምፒዩተር ብቻ ያድስ። ደኅና መሆኑ ከታየ ሌሎቹ ይከተሉ። የተሠራውንም ቀኑንም ጽፎ ይፈርም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት እወስዳለሁ፤ ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ።

ዘንድሮ ለእረፍት አገር ቤት ስገባ አባቴ ዶማውን ይዞ ወደ እርከኑ ሲሄድ አገኘሁት። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሁትም። ድንጋይ እያቀበልሁ አብሬው ዋልሁ።