«ዶክተሯ» ለዕቃ ጥገና ጅማ ልትሄድ ነው

እኛ ቤት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። አለችን ስንል፣ ቤቱ በሙሉ 12ኛ ክፍል ነው ማለታችን ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። እናታችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ሻይ ታፈላላታለች። ወንድማችን ቴሌግራም ላይ ያገኘውን የድሮ ፈተና ሁሉ እያሳተመ ያመጣል። እንግሊዝኛውን እኛ እናስጠናታለን፤ ፊዚክሱ ሲመጣ ግን ቡና ልናፈላ እንነሳለን።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። «ጨምሯል እኮ!» ብለን ልናጽናናት ሞከርን። እሷ ግን ሒሳብ ትችላለች። «ከመቶ ዘጠኝ ሰው እንኳ አልሞላም» አለችን። ዝም አልን።

እንግዲህ ይህች ልጅ ስድስት ዓመቷ ላይ አሻንጉሊቷን በስክሪብቶ መርፌ ስትወጋ የተያዘች ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ዶክተር» ሆኖ ቀረ። ጎረቤቱ ሳይቀር «ዶክተሬ፣ ደህና አደርሽ?» ይላታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። አንድም ቀን ዶክተር መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብለን ጠይቀናት አናውቅም። ምን ይጠየቃል? ስሟ ነዋ!

ያለፈው ዓመት አያታችን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ትንፋሻቸው አጥሮ ኦክስጅን ታዘዘላቸው። አልጋቸው አጠገብ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የሚሉት መሣሪያ ነበር፤ ላዩ ላይ ግን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል። «አይሠራም» ይላል። አያታችን በሲሊንደር ሰነበቱ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል እየተሯሯጥን፣ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ጠቋሚውን እያየን እኛም ትንፋሻችን አጠረ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት መጣ። መሣሪያውን ፈታ፣ አቧራ የደፈነውን ማጣሪያ አውጥቶ አጸዳ፣ የላላ ቱቦ አጠበቀ፣ መልሶ ገጠመ። ለካ። መሣሪያው ጉርር ማለት ጀመረ። ሁላችንም አያታችንን ስናይ እሷ ግን ሰውየውን ታይ ነበር። «እንዴት ነው የሚሠራው?» አለችው። ከክፍሉ አየር አምስት አንዱ እጅ ያህል ኦክስጅን እንደሆነ፣ መሣሪያው አየሩን ስቦ ናይትሮጅኑን እያስቀረ ኦክስጅኑን እንደሚሰጥ አስረዳት። ነርሷ ፈገግ ብላ «እሱን ካገኘነው ምን ጠፍቶ!» አለች። ለካ ለብዙ ክፍሎች ያለው ባለሙያ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ጣጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች ከ112 ሺህ የሚበልጡ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ፣ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አግኝቷል። አንዱ ምክንያት የሠለጠነ ሰው ማነስ ነው። ዕቃው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ በሽተኛው አለ፤ በመሃል የሚያገናኛቸው ሰው የለም።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተነፈሰችው። «ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ነው የምፈልገው።»

እናታችን ስኒውን አስቀመጠች። «ኢንጂነር ቤት የሚሠራው አይደል እንዴ?»

«እማዬ፣ የሕክምና መሣሪያ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ አበባም አለ።»

«ለዕቃ ጥገና ጅማ ድረስ? ይህን ሁሉ ሌሊት የተነሳሁት...» አለችና አልጨረሰችውም። እኛም ከእናታችን ጎን ተሰለፍን። «ውጤትሽ ከመጣ ሕክምና እያለ ለምን?» አልናት። እሷም ቀና ብላ «አያቴን ያን ቀን ማን ነው ያዳነው?» አለችን። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ እግዚአብሔርም ብለን ልንመልስ ነበር። ግን ያ ቦርሳ ያንጠለጠለው ልጅ ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው መሄዱ ትዝ አለን። አፈርን።

በእርግጥ ገና ነው። መጀመሪያ ፈተናውን ማለፍ አለ። ካለፈች በኋላም አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወስዳ፣ የትምህርት ክፍሏን በምርጫና በውጤት ተወዳድራ ነው የምታገኘው። ግማሽ ያላመጣ ደግሞ ቢቀናው ሪሚዲያል፣ ካልሆነም ቤቱ ነው። ይህን እሷ ከእኛ በላይ ታውቃለች። ያላወቅነው እኛ ነን። ሻዩን፣ ወረቀቱን፣ ጸጥታውን ሁሉ አዘጋጅተንላት ምን እንደምትፈልግ መጠየቅ ረስተን ነበር። የምናስጠናት ለራሷ ይሁን ለስሟ እንጃ።

በማግስቱ ሌሊት እናታችን እንደ ልማዷ 10 ሰዓት ላይ ተነሳች። ሻዩን አስቀመጠች። ከሻዩ አጠገብ ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ መሥራት ያቆመውን የግፊት መለኪያዋን አኖረች።

«ከፈተናው በኋላ እይልኝ» አለቻት። ሌላ አልተናገረችም።

እናንተም ቤት 12ኛ ክፍል ያለች ልጅ ካለች፣ ዛሬ ማታ መጽሐፉን ለአምስት ደቂቃ ክደኑላትና ጠይቋት። ለተፈታኞቻችን ሁሉ መልካም ዕድል! ቸር ያሰማን።