ካንዴላ ለመፍታት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ልሥራ ቢል የሚበላሸው ይበዛል። ይሁን እንጂ ይህ ተረት በየቤታችን ለሁሉም ሥራ እኩል አይነገርም። የልብስ ስፌት መኪናው ክር ሲበጥስ፣ የበሩ ቁልፍ ሲጠብቅ፣ የልጅ ብስክሌት ሰንሰለቱን ሲጥል የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብላ ስታስተካክል «ለባለሙያው ተይው» የሚላት የለም። ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ክዳኗ የተከፈተ እንደሆነ ግን ተረቱ ወዲያውኑ ይታወሳል። ጫን ያለው ሰው ደግሞ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብሎ ይጨምርበታል።

ውድ አንባቢያት፣ በዛሬው ጽሑፌ የማነሳው ነገር ከጣት እምብዛም የማይረዝም ዕቃ ነው። ጋራዥ ደጃፍ ቆማችሁ የምታውቁ ሁሉ ስሙን ሰምታችኋል፤ ካንዴላ ይባላል። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም በእኛ ቤት የእናቴን ሕክምና፣ የወንድሞቼን ስምምነትና የእኔን ደመወዝ የነካ ጉዳይ ሆኖ ነበርና ታሪኩን ባጫውታችሁ ሳይጠቅም አይቀርም።

አባታችን ሲያርፍ ከተወልን ንብረት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። እናቴ በጉልበቷ ሕመም ምክንያት በሳምንት ሁለት ቀን ለፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች። ደረጃ ወጥታ ሚኒባስ መሳፈር ስለማትችል ከሥራ በፊት የማደርሳት እኔ ነኝ። ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ እናቴን ሐኪም ቤት አስገብቼ ቢሮ እገባለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቮልሷ ጠዋት ስትነሳ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መኪናዋ መንተባተብ ጀመረች። ቆማ ሳለች ትንቀጠቀጣለች፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስንይዝ ጉልበት ያጥራታል፤ ቤንዚኑም ይበላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና «ሞተሩ ይወርዳል» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር። ለምን እንደሚወርድ ብጠይቀው ፊቱን ወደ ወንድሜ አዞረና ለእርሱ ያስረዳው ጀመር።

ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ መኪናዋ ትሸጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ክፋት የለበትም፤ ለእናታችን በወር የታክሲ እናዋጣለን ነው ያለው። ገዥም አመጣ። ገዥው የሰጠን ዋጋ ግን «ሞተሩ ያለቀ» በሚል የተቆረጠ ነበር። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ማታ ብቻችንን ስንሆን «መዋጮ እስከ መቼ ይዘልቃል ልጄ?» አለችኝ። እኔም ይህንን ጥያቄ ይዤ አደርኩ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሲጠግኑ ኖረው ዓይናቸው በመድከሙ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። መኪናዋ ስትነሳ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ይሰሙ ኖሮ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ።

«ይህች መኪና በሦስት እግሯ ነው የምትሄደው፤ አንዱ ሲሊንደር አይተኩስም። ካንዴላዎቹን አይተዋቸዋል?» አሉኝ።

«የሚያይልኝ ሰው የለኝም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔም ማየት አልችልም። አንቺ እጅሽን አውሺኝ፣ እኔ አፌን አውስሻለሁ» ሲሉ መለሱልኝ።

ሥራውን የጀመርነው መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ አርፋ ስለነበረ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ጋሼ በመጀመሪያ ያስጠነቀቁኝም ይህንኑ ነበር። ካንዴላው የሚገባበት የሞተር ክፍል አሉሚኒየም በመሆኑ ትኩስ ሳለ ቢፈታ ጥርሱ ይላጫል። የተላጨ ጥርስ ደግሞ እውነተኛ የጋራዥ ሥራ ይሆናል። ቤንዚን ባለበት እሳት አይቀርብምና እናቴ ለቡና ያቀጣጠለችውን ከሰል ወደ ጓሮ እንድትወስድ አደረግን።

ለማያውቁት ለመግለጽ ያህል፣ ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሥራውም ከስሙ አይርቅም። የባትሪው ኃይል 12 ቮልት ብቻ ሲሆን ቦቢናው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ አድርጎ ያሳድገዋል፤ ያም ኃይል በካንዴላው ጫፍ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይሆናል። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚቀጣጠለው በዚህች ብልጭታ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል። ከአራቱ አንዱ ቢያቆም መኪናዋ እንደ አንካሳ መሄዷ አያስደንቅም።

የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመው ይገኛሉ። የኋለኞቹ ካንዴላዎች ይታያሉ፤ የፊተኞቹ ግን ከቆርቆሮው ሥር ስለሚደበቁ የሚሠሩት በዳሰሳ ነው። ጋሼ «ይህ ሥራ ዓይን አይፈልግም፤ ቀጭን እጅ ነው የሚፈልገው» እያሉ ያበረታቱኝ ነበር። የአሥር ዓመት ልጄ የስልኬን መብራት ይዛ ቆመች። በየሽቦው ላይም ነጭ ፕላስተር ለጥፋ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፈች። ሽቦዎቹ ቦታ ቢለዋወጡ የአተኳኮሱ ተራ ይዛባልና ጋሼ አንዱ ተፈትቶ ሳይገጠም ሌላው እንዳይነካ አዘዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሽቦውን ሳይሆን የሽቦውን ቆብ ይዞ መንቀል ያስፈልጋል፤ ሽቦው ከተጎተተ ውስጡ ይበጠሳል። ቀጥሎ በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ በቡሩሽ ጠርጎ እፍ ማለት ነው፤ ይህ ካልተደረገ ካንዴላው ሲወጣ ቆሻሻው ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ከዚያም የካንዴላ መፍቻውን አስገብቶ ወደ ግራ ማዞር ነው። የመጀመሪያው ሲላቀቅ ትንሽ ጮኸ። ልጄ ደነገጠች፤ እኔም ደስ አለኝ።

የወጡትን ካንዴላዎች በጋዜጣ ላይ በየቁጥራቸው ደረደርናቸው። ጋሼ መልካቸውን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። በደህና ሞተር የሠራ ካንዴላ ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል ማለት ነው። የእኛ ሦስቱ ቡናማ ነበሩ። ሦስተኛው ቁጥር ግን ጠቁሮ በቤንዚን ርሷል። ጋሼ ተቀብለውኝ ነጩን ሸክላ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ይኸውልሽ፤ ተሰንጥቋል። እሳቱ በስንጥቁ እያመለጠ ነው እንጂ ሞተሩ ምንም አልሆነ» አሉ።

በመብራት ሳየው ከፀጉር የቀጠነ መስመር አገኘሁ። ሞተር ይወርድበታል የተባለው ነገር ይህ ነበር።

አዲሱን ለመግዛት አሮጌውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አጥብቀው የነገሩኝ ካንዴላ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። የእኛው ወርዱ 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅም ጥርስ ያለው ቢገባ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሙቀት የመቋቋም ደረጃውም ከሞተሩ ጋር መስማማት አለበት። አራቱንም አንድ ዓይነት ገዛሁ። የከፈልኩት ገንዘብ ለሞተር ማውረጃ ከተጠየቅሁት ከሃያ አንድ እጅ አይሞላም።

ከመግጠም በፊት የጫፉን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለካነው፤ ለዚህች መኪና ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወደማይታየው ቀዳዳ ለማስገባት ጋሼ ያስተማሩኝ ዘዴ ለጀማሪ እጅግ የሚበጅ ነው። የካንዴላውን ራስ በቁራጭ የጎማ ቱቦ ውስጥ መሰካትና ቱቦውን በጣት ማዞር ነው። ጥርሱ በትክክል ከገባ ይዞራል፤ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተትና ጉዳት ሳይደርስ ያስታውቃል። በመፍቻ ጉልበት መጀመር ክልክል ነው። በእጅ እስከሚቆም ከዞረ በኋላ አዲስ ቀለበት ያለው ካንዴላ ግማሽ ዙር ያህል ቢጠብቅ ይበቃል። በመጨረሻም ከሽቦው ጋር ያለው የጎማ ክዳን የቆርቆሮውን ቀዳዳ ደህና አድርጎ መግጠም አለበት፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ አየሩ እንዳያመልጥ ነው።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ቁልፉን ሳዞረው መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነሳች፤ መንቀጥቀጧም ቀረ። እናቴ በከዘራዋ ተደግፋ መጣችና የተከፈተውን የሞተር ክዳን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ከአባትሽ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት በዚህች መኪና ሄጃለሁ፤ ከኋላዬ ምን እንዳለ አሳዩኝ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ና እይ ያለኝም የለም» አለች። ከዚያም ካንዴላ የትኛው እንደሆነ ልጄን ጠየቀቻት። ልጄም በፕላስተሩ ቁጥር እየጠቆመች አንድ በአንድ አስረዳቻት።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። መኪናዋን ራሱ እየነዳ እስከ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ተመለሰ። ብዙ አልተናገረም፤ ለገዥው ግን እዚያው ፊታችን ስልክ ደወለለት። መኪናዋ እነሆ እስከ ዛሬ እናቴን ታመላልሳለች።

ሴትና መኪና አይተዋወቁም ለሚሉን ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ቤርታ ቤንዝ የተባለች ጀርመናዊት እናት፣ ባለቤቷ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሳትነግረው አስነስታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በማሳፈር ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የእሳቱ ሽቦ ሲጋለጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ሸፈነችው። ነዳጅ ሲያልቅባትም ቪስሎህ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። በታሪክ የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ የሚባለው ይህ የእናት ጉዞ ነው። ልጄን ይበልጥ ያስደሰታት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለእይታ የቀረበው 356 የተባለው የፖርሸ ስፖርት መኪና ሞተሩ ከቮልስዋገን የተወሰደ መሆኑን ከነገርኳት ወዲህ ለጓደኞቿ «የእኛ መኪና የስፖርት መኪና እህት ናት» ትላለች።

ይህን ስጽፍ ጋራዥ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ፍሬንና መሪ ሲታመም ለባለሙያ መስጠት ግዴታ ነው። በአዳዲሶቹ የስፖርት መኪናዎች ላይም ካንዴላው በብዙ ዕቃ ሥር ስለሚቀበር ለጀማሪ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ ጭራሽ ካንዴላ የላቸውም። በየግቢያችን ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ የሚያድሳቸውም የእኛው ደመወዝ ነው።

ስለዚህ መኪና የምትነዱ እህቶች፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ተማሩ። ጋራዥ ስትሄዱ «ምን ተበላሸ? የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ» በሉ። እኔ ባለፈው ወር የዘይት ማፍሰስ ለማሳየት ወደ ሌላ ጋራዥ ስሄድ ይህንኑ ብል፣ ሠራተኛው ቀና ብሎ አየኝና አሮጌውን ጎሚኒ በእጄ ላይ አስቀምጦ አስረዳኝ። ሒሳቡንም የነገረኝ ለእኔ ነው።