ትናንት ምን በላች?

ለዓመታት እንጀራዬ መጠየቅ ነበር። በአማራ ክልል ገጠር ለገጠር እየዞርኩ ለሥነ ምግብ ጥናት መረጃ እሰበስብ ነበር። መጠይቁ ብዙ ገጽ ነው፤ የከብቱን ቁጥር፣ የጣራውን ዓይነት፣ የመሬቱን ስፋት ሁሉ ይጠይቃል። እኔ የምወደው ግን አንዱን ገጽ ብቻ ነበር፦ «ልጁ ትናንት ምን በላ?» እናትየዋ ትናገራለች፣ እኔ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ምግብን በ7 ምድብ ይከፍልና ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን ቢያንስ ከ4ቱ መብላት አለበት ይል ነበር። ዛሬ የእናት ጡት ተቆጥሮ ምድቡ 8፣ ማለፊያው ደግሞ 5 ሆኗል። እኔ የገባሁባቸው አብዛኞቹ ቤቶች እንጀራና ሽሮ ላይ ይቆሙ ነበር።

በሁዳዴ ስለ ወተት መጠየቅማ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትለውም፤ እናት ግን ለአንድ ሕፃን ብላ የጾም ድስቷን አታስነካም። እ.ኤ.አ. በ2016 አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከጥር እስከ ሰኔ ሲካሄድ ሁዳዴ መሐሉ ላይ ነበር፤ ስለ ልጆች አመጋገብ የወጣውን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ይኸው ይመጣብኛል። መቀንጨር ግን በአንድ ጾም የሚመጣ ነገር አይደለም። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች በአገር ደረጃ 38፣ በአማራ ክልል 46፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል።

ቅጹ ሲያልቅ ምክር መስጠት ልማዳችን ነበር። «እህቴ፣ እንቁላል እየቀቀልሽ ስጪው እንጂ» እላለሁ። «እሺ እታለም» ትለኛለች። ዶሮዋ እዚያው ደጅ ትጭራለች። እንቁላሉ ግን ገበያ ወጥቶ ጨው፣ ሳሙና፣ የታላቅየው ደብተር ይሆናል። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቃለሁ፤ መጠይቁ ላይ የምጽፍበት ቦታ ስለሌለው ብቻ አልፈዋለሁ።

ዳላስ ስመጣ ተጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ሴት ልጄ ዓመት ከምናምን ሲሆናት ዊክ ቢሮ ወሰድኳት። ዊክ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ምግብ የሚያቀርብ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው፤ እዚህ የወለደች ሐበሻ ስሙን ሳትሰማ አትቀርም። ልጄን መዘኑ፣ ቁመቷን ለኩ፣ ጣቷን ወጋ አድርገው ደሟን አዩ። ከዚያ ባለሙያዋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞር አለችና «ትናንት ምን በላች?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ተኝቼ ነበር። አባቷ ጠዋት እንጀራ በሽሮ አጉርሷታል፤ የቀረውን ቀን ብስኩት ስትቆረጥም ውላለች። ከአፌ የወጣው ግን «እንቁላል፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ» ነው። ብሮኮሊ ቤቴ ገብቶ አያውቅም! ምልክት የሚደረግበትን ቦታ ከእሷ ባልተናነሰ ስለማውቀው አንድ በአንድ ሞላሁላት። ያን ሰዓት አላፈርኩም፤ እንዲያውም እፎይ ነው ያልኩት።

ማታ ግን «አዎ፣ እንቁላል በልቷል» ያሉኝ እናቶች አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። ስንቷ ትሆን እኔን ደስ ለማሰኘት የተናገረችው? ስንቷስ የቤቷን ጉድ ለእንግዳ ላለማውጣት? ተጠያቂ ሰው ጠያቂው ወደሚወደው መልስ እንደሚያዘነብል በሥልጠና ላይ ተነግሮናል። በሥልጠና መስማትና ራስ ዋሽቶ ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ከጥያቄው በኋላ የመጣው ነው። ምክሩ እዚህም አለ፤ ጭማቂ ቀንሺላት፣ ጡጦ አስጥያት። ከምክሩ ጋር ግን ካርድ ሰጠችኝ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የሚገዛ። ጤፍ በኔ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ እሱን ፎረስት ሌን አካባቢ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በራሳችን ገንዘብ እንገዛ ነበር። እንቁላሉን ግን ያንኑ ዕለት ይዤ ገባሁ፤ ለቀጣዩ ቀጠሮ መዋሸት አላስፈለገኝም።

ይህ ካርድ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ስጀምር መንገዱ ወደ አገሬ መለሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 በውጭ አገሮች የሕዝብን አመጋገብ የሚያጠና የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። የኮሚቴው ኃላፊ አርኖልድ ሼፈር ይባላል። ከ10 ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ያንኑ ሥራ በገዛ አገሩ እንዲሠራ ታዘዘ፤ በ10 ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1970 የተካሄደው ጥናት ቴክሳስንም ያዘ። በ1968 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ አሜሪካ ረሀብ ያሳየው ፊልም የሚጀምረውም እዚሁ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ዊክን በ1972 ለሙከራ ፈቀደ፤ በ1975 ቋሚ አደረገው። አገሬንና ቴክሳስን የመረመረው ኃላፊ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። የቴክሳሱ መልስ በጀት ተመደበለት።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ሠርቶልናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ደግሞ ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦችን የሚደግፈው ሴፍቲኔት አለ። ሆኖም ፋፋ የሚገዛ ነገር ነው፤ እኔ የጠየቅኳቸው እናቶች ለመግዛት ሳይሆን ለመሸጥ ነበር ገበያ የሚወጡት።

የሚያስቆጨኝ፣ ይህን የገበያ ጉዳይ በቁጥር ያሳዩ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅኩት ሥራውን ከተውኩት በኋላ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ካሌ ሂርቮነንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በአጭር ርቀት ውስጥ የመጓጓዣ ዋጋ እጅግ በሚለያይበት አንድ የኢትዮጵያ አካባቢ ላይ የተሠራ ነው። የእናት የሥነ ምግብ እውቀት የልጇን ምግብ በዓይነት ያበዛዋል፤ ይህ የሆነው ግን ገበያ ለሚቀርባቸው ነው። ገበያ በራቀበት እውቀቷ ብዙም አልፈየደም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ሆዲኖት ከሌሎች ሁለት ጋር ያወጣው ደግሞ ስለ ላም ነው፦ ላም ያለው ቤት ልጅ ወተት ይጠጣል፣ የመቀንጨር ዕድሉም ከ7 እስከ 9 የመቶኛ ነጥብ ይቀንሳል፤ ገበያ ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን የራስ ላም መኖር ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። እኔ እንቁላል ቀቅይ ስል የከረምኩት፣ ከገበያ በእግር ግማሽ ቀን ርቀው ለሚኖሩትም ነበር።

በቅርቡ አንዲት የእህቴ ልጅ እዚያው ክልል ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ተቀጠረችና ምክር ፈልጋ ደወለችልኝ። እንቁላል በላ ወይ ከማለትሽ በፊት በዚያ ቀበሌ አንዱ እንቁላል ስንት እንደሚሸጥ፣ ብሩስ ለምን እንደሚውል ጠይቂ አልኳት።

«አክስቴ፣ ስለ ገበያ የሚጠይቀውማ አለ» አለችኝ፤ «ግን መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ እሷም እኔም ደክሞናል።»