ሲሰኩት የሚሰንፍ ላፕቶፕ

ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ቢቀዛቀዝ አይገርምም፤ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ሆኖ ነው የተሠራው። የሚገርመው ተገላቢጦሹ ነው። በባትሪ ደህና ሲፈጥን የቆየ ማሽን ቻርጀር ሲሰኩበት አንዲት ፊደል ለመጻፍ ያምጣል፤ ሲነቅሉት ይነቃል። ባለቤቱ «ይሄ ነገር አብዷል» ይላል። አላበደም። በተሰካ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ችግር የት እንዳለ ራሱ እየጠቆመ ነው፤ እኛ ግን ከጠቆመው ቦታ ውጭ መፈለግ ይቀናናል።

፨

በየሰፈሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አለ፤ «ፎርማት ይደረግ።» ስሎው ሆነ፣ ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ፣ ፎርማት። ሲሰካ ይንቀራፈፋል፣ እሱም ፎርማት። «ጥፋቱ የዊንዶውስ ከሆነ ሲነቀል የት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደንበኛው የልጁን ፎቶና ሊያስረክበው ሁለት ሳምንት የቀረውን የመመረቂያ ጽሑፍ ገንዘብ ከፍሎ ያስጠፋል።

፨

ደንበኛም የራሱ ድርሻ አለው። ላፕቶፑን በቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ ቻርጀሩን ቤት ይተወዋል። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ባለው በራሱ ቻርጀር ይሰካዋል፤ የእሱ ደግሞ ደህና ነው። ዊንዶውስ ተጭኖ ሲያልቅ ማሽኑ ይከንፋል። ምስጋናው ለፎርማቱ ይሆናል፤ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ማታ ቤት ያለው ቻርጀር ሲሰካ ያው መንቀራፈፍ ይመለሳል። «ልጁ አልቻለበትም» ተብሎ በማግስቱ ሌላ ጥገና ቤት ይኬዳል። ቻርጀሩ አሁንም ቤት ነው።

፨

የዴልና የብዙ ኤችፒ ላፕቶፖች ክብ የቻርጀር ጫፍ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። ኃይል የምታስተላልፈው እሷ አይደለችም፤ ሥራዋ ወሬ ማቀበል ነው። በዴል ቻርጀር ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ «እኔ ይህን ያህል ዋት ነኝ» የምትለው በእሷ በኩል ነው። መርፌዋ ከተሰበረች፣ ገመዱ አንገቱ ላይ ከተበጠሰ ወይም ቻርጀሩ ቺፕ የሌለው ኮፒ ከሆነ ላፕቶፑ መልስ ያጣል። ያኔ ከማያውቀው ቻርጀር ከአቅሙ በላይ ላለመሳብ ሲል ፕሮሰሰሩን ያስራል። በሁለትና በሦስት ጊጋኸርዝ ሲሄድ የነበረው ወደ 0.8፣ አንዳንዴም ወደ 0.4 ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ባትሪውንም አይሞላም።

፨

ዴል ይህን የሚያደርገው በዝምታ አይደለም። ሲከፈት የቻርጀሩን ዓይነትና ዋት መለየት እንዳልቻለ፣ ባትሪው ላይሞላ እንደሚችል፣ ፍጥነቱንም ካለው ኃይል ጋር እንደሚያመጣጥን ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። እኛ ያገኘነውን ቁልፍ ተጭነን እናልፈዋለን። ጠዋት ጠዋት ጥፋቱን ከነምክንያቱ እየነገረን፣ ቀን «ምን እንደነካው እንጃ» እንላለን።

፨

የቻርጀር ግዢ ወጋችን አጭር ነው።

«የዴል ቻርጀር አለ?»

«አለ ጋሼ። ጫፉ ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?»

«ወፍራሙ።»

«ይኸው፤ ኦርጅናል ነው።»

ስለ ዋት አንድም ቃል አልተነሣም። ጀርባው ላይ ግን ተጽፏል፤ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር። ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ይመጣል። 4.62 አምፔር የሚለው 90 ዋት ነው፤ 6.7 የሚለው 130። ጫፋቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ለ130 ዋት የተሠራ፣ የግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ 65 ዋት ቢሰጡት መሥራቱን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን እየቆጠበ ነው። ተገላቢጦሹ አያሰጋም። ላፕቶፕ የሚስበው የሚበቃውን ብቻ ስለሆነ፣ ቮልቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ዋቱ ከፍ ያለ ቻርጀር አይጎዳውም።

፨

ዩኤስቢ ሲ መጣና የጫፍ ነገር አበቃ ተባለ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ ለላፕቶፖች ይህንኑ ቀዳዳ ግዴታ አድርጎታል። ቀዳዳው አንድ ሆነ፤ ኃይሉ ግን አንድ አልሆነም። የ20 ዋት የስልክ ቻርጀር ላፕቶፕ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ገመዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የ5 አምፔር ቺፕ የሌለው ገመድ ከ60 ዋት በላይ አያሳልፍም። የ100 ዋት ቻርጀር ገዝቶ በስልክ ገመድ የሚሰካ ሰው የከፈለበትን አርባ ዋት ሱቅ ትቶት መጥቷል።

፨

«የመብራቱ ኃይል ስለቀነሰ ነው» የሚለው ደግሞ የሁላችንም ማምለጫ ነው። መብራት ኃይል በሌላ ነገር ይወቀስ ይሆናል፤ በዚህ ግን የለበትም። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የእኛ 220 ወርዶ 180 ቢገባ እንኳ ለላፕቶፑ የሚደርሰው ያው 19.5 ነው። ለዚህ ብሎ ስታብላይዘር መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

፨

መብራት ሲመጣ ላፕቶፕ የሚጨናነቅበት ሌላ እውነተኛ ምክንያት አለ። ዊንዶውስ ውስጥ በቀጠሮ የሚሠሩ ብዙ ሥራዎች የሚጀምሩት ማሽኑ ሲሰካ ብቻ ነው፤ ካልቀየሩት በቀር አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራት ጠፍቶ በሚውልበት ሰፈር ሥራው ሁሉ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ልክ ሲሰካ አፕዴቱም፣ የቫይረስ ፍተሻውም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ይህንን ከቻርጀር ችግር መለየት ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር መክፈት፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ስር የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ማየት። ከሁለት ጊጋኸርዝ በላይ እየሮጠ ከሆነ ሥራ በዝቶበታል፤ ይታገሡት። 0.4 ወይም 0.8 ላይ ተቸንክሮ ንቅንቅ ካላለ ታስሯል፤ ወደ ቻርጀሩ ይሂዱ።

፨

«ባትሪው ሞቷል እንጂ ሲሰካ ይሠራል» እየተባለ እንደ ዴስክቶፕ የሚያገለግል ላፕቶፕ በየቢሮው አለ። ባትሪ ግን ለመብራት መጥፊያ ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ከቻርጀሩ አቅም በላይ ሲፈልግ የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። እሱ ከሌለ አንዳንድ ማሽን ፍጥነቱን ቀድሞ ይቀንሳል። አፕል ባትሪያቸው ይወልቅ ለነበሩት ማክቡኮች ይህንኑ ለደንበኞቹ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። የሞተው ባትሪ አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ መግፋት ከጀመረ ግን ነገሩ የፍጥነት መሆኑ ቀርቷል፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት።

፨

ሙቀትም አለ። ቻርጅ ማድረግ በራሱ ያሞቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋን እኩል ቢሽከረከርም ያንኑ ያህል አያቀዘቅዝም። ላዩ ላይ አቧራውን፣ ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጡን ጨምሩበት። በሁለቱም ጎን የሚሰኩ ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ብዙ ሰዎች ቻርጀሩን ከግራ ወደ ቀኝ በማዛወር ብቻ ተገላግለዋል፤ የግራው ጎን ሲሰካ ይበልጥ ይሞቅ ነበርና። በዚያ ሰዓት ከርነል ታስክ የሚባለው ፕሮሰሰሩን ሁሉ ይዞት ይታያል። ሰው ሌባ ነው ብሎ ይከሰዋል፤ እሱ ግን ዘበኛ ነው፤ ማሽኑ እንዳይግል ሌሎቹን ከበር እየመለሰ ነው።

፨

ከአሜሪካ የመጣ ባለ ሦስት እግር ገመድ በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ሲሰካ የምድር መስመሩ ይቀራል። ላፕቶፑ ብረት ከሆነ እጅ ይነዝራል፤ ታችፓዱም ይወናበዳል፤ ቀስቷ ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ሲጫኗት አትሰማም። ባለቤቱ «ስታክ አደረገ» ይላል። ማሽኑ ግን ፍጥነቱ አልጎደለም፤ ማውስ ሲሰካበት ይታወቃል። እዚህ ጋ የሚለወጠው ገመዱና ሶኬቱ ነው።

፨

ወጣቶቹ ደግሞ ከቪዲዮ የተማሩት አቋራጭ አላቸው። ትሮትል ስቶፕ የሚባል ፕሮግራም ይጭኑና ፕሮሰሰሩን የሚያስረውን ምልክት ያጠፋሉ። ማሽኑ ወዲያው ይፈታል። ያ ምልክት ግን የቻርጀር ብቻ አይደለም፤ ሌሎች የማሽኑ ክፍሎች ከመጠን በላይ ሲሞቁም በእሱ ነው የሚጮኹት። የቻርጀሩ አቅም በእርግጥ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከአቅሙ በላይ እየተሳበ ይግላል። ማስጠንቀቂያን ማጥፋት ጥገና አይባልም።

፨

እንግዲህ ላፕቶፓችሁ ሲሰካ ከሰነፈ ፎርማቱን አቆዩት። በዋትም በጫፍም የሚመሳሰል ደህና ቻርጀር ከወዳጅ ተውሳችሁ ሞክሩ። ዴል ከሆነ ሲነሣ ኤፍ 2 ተጭናችሁ ቻርጀሩን ስንት ዋት ብሎ እንዳወቀው እዩ። ጥገና ቤት ስትሄዱ ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያውም በእሱ ሰክቶ ሳያሳያችሁ ሒሳብ አትክፈሉ። አዲስ መግዛት ካለባችሁ ደግሞ ጫፉ ከገባ በኋላ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ቻርጀር የሚገዛው በዋቱ ነው።