ባዶውም ይጻፋል

እስቲ ዛሬ በንባብ ወደ ባሕር እንውረድ። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ሲሸልስ የምትባል የደሴቶች አገር አለች። እኛ ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር ወደዚያ የሄድነው የባሕር ወፍ ለመቁጠር ነበር።

«የሚበር ወፍ እንዴት ይቆጠራል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። መርከቡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቆጣሪው ከፊት፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቆማል። ፀሐይ ዓይን የማትወጋበትን አንዱን ጎን ይመርጣል። በዚያ በኩል እስከ 300 ሜትር ድረስ ያለውን ወፍ ብቻ ይቆጥራል። መርከቡን የሚከተለው ወፍ ደጋግሞ አይቆጠርም። በየ10 ደቂቃው አዲስ መስመር ይጻፋል፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የወፉ ዓይነትና ብዛቱ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ወፍ አላየንም። ውሃና ሰማይ ብቻ! ደብተሩን ባዶ ተውነው። መምህራችን መጥተው አዩና፣

«ልጆች፣ ተኝታችሁ ነበር እንዴ?» አሉን።

«ኧረ የለም፣ ወፍ ስለሌለ ነው» አልን።

«ታዲያ ዜሮ ጻፉ እንጂ! ይህን ወረቀት ያየ ሰው፣ የጠፋው ወፉ ነው ወይስ ቆጣሪው?»

አፈርን። 12 መስመሮች ባዶ ቀሩ። ቆጠራ በኋላ ከትዝታ አይጻፍማ!

ከቀትር በኋላ ባሕሩ በአንድ ቦታ ፈላ። ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ ትንንሾቹን ዓሦች ከታች ወደ ላይ ያባርራል፤ ወፎቹ ከላይ ይነጥቃሉ። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ የሆነች ሱቲ ተርን የምትባል ወፍ በዝታ ነበር። ወፎቹ ዓሣ ባለበት ይሰበሰባሉ፤ ሌላው ባሕር ባዶ ይሆናል። ባዶው ካልተጻፈ፣ ባሕሩ ሁሉ በወፍ የተሞላ ይመስላል።

ይህ ምን ይጠቅማል? የሲሸልስ ሰዎች የዚችን ወፍ እንቁላል ይበላሉ። እሷ ግን በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ ብቻ ነው። ያለ ልክ ከተለቀመ ዘሯ ይመናመናል። ስለዚህ በደሴቱ ላይ ጎጆዋ ይቆጠራል፤ በመርከብ ደግሞ ምግቧን የት እንደምታገኝ ይታወቃል። ለዘር ሳያስቀር ጎተራውን የሚጠርግ ገበሬ አለ እንዴ?

እናንተም አሁን ቁጥር መጻፍ ችላችኋል። የዝናቡን ቀን ስትመዘግቡ፣ ያልዘነበበትንም ቀን ጻፉ። ዜሮም ቁጥር ነው።