የእግዜር እንግዳና የሆቴሉ በር



በአባቶቻችን ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሸብኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መኝታው ይነጠፍለታል። በስልቻው ምን እንደ ያዘ የሚጠይቀው አልነበረም። ከየት እንደ መጣ እንኳ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ዛሬ ከአገር ወጥቶ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ግን ከሰላምታው በፊት ሻንጣውን ያስረክባል። በአገልግሎት ምክንያት ወደ ጎረቤት አገሮች ስንመላለስ ይህን ደጋግመን አይተናል። በቃሉ ፊት ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር እንዳለውም ተረድተናል።

ናይሮቢን እንውሰድ። መኪናችሁ ወደ ሆቴሉ በር ሲቀርብ በአገሬው ቋንቋ «አስካሪ» የሚባሉት ጥበቃዎች ያስቆሙታል። አንዱ በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ መስታወት ከመኪናው ሥር እያሳለፈ ያያል፤ ሌላው የኋላውን የሻንጣ ማስቀመጫ ያስከፍታል። ከመኪና ወርዳችሁ በብረት ጠቋሚው በር ታልፋላችሁ፣ ሻንጣችሁ በኤክስሬይ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ኪሳችሁን ታራግፋላችሁ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ «ካሪቡ» ይሏችኋል፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ ማለት ነው።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ኬንያውያን ነበሩ። በ2013 በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች ተገደሉ። በጥር 2019 ደግሞ ዱሲት ዲ2 የተባለው ሆቴል ባለበት ግቢ ውስጥ 21 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በሌላም አገር እንዲሁ ነው። በ2009 በኢንዶኔዢያ ዋና ከተማ በጃካርታ በሁለት ሆቴሎች ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ከአጥፊዎቹ አንዱ እንደ ማንኛውም እንግዳ ክፍል ተከራይቶ ከሆቴሉ ውስጥ አድሮ ነበር። እንግዳ መስሎ የገባ ሰው ሌሎችን እንግዶች ሊያጠፋ ስለሚችል፣ እንግዳ ሁሉ ይፈተሻል።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በረኛው ነው። በ1998ቱ ጥቃት ፈንጂ የጫነው መኪና በኤምባሲው የኋላ በር ለመግባት ሲሞክር፣ መሣሪያ ያልያዘ ኬንያዊ ጥበቃ መከልከያውን አላነሣም አለ። በ2008 በፓኪስታን ኢስላማባድ ማሪዮት ሆቴል በር ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ሲቆምና እሳት ሲነሣበት፣ ጥበቃዎቹ እሳቱን ለማጥፋት ሲሞክሩ ታይተዋል። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ፈነዳ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኛ በፍተሻው ሰልፍ ላይ ሰዓታችንን እያየን የምናጉረመርምበት ስፍራ ለእነርሱ የሕይወትና የሞት ስፍራ ነው። አደጋ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነርሱን ነውና። ታዲያ ስማቸውን ጠይቀን እናውቃለን? «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብለናቸው እናውቃለን?

በአንዱ የናይሮቢ ጉዟችን አራት አገልጋዮች ነበርን። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት አባት ለዘመዶቻቸው የቋጠሩት በርበሬ በኤክስሬዩ ላይ ጥርጣሬ አስነሣ። ጥበቃው ላስቲኩን ፈትቶ አፍንጫውን ቢያስጠጋ ደጋግሞ አነጠሰ። አባታችንም በአማርኛ «ይማርህ ልጄ» አሉት፤ ሁሉም ሳቀ፤ በርበሬውም ተቋጥሮ ገባ።

የወጣቱ ወንድማችን ግን በሳቅ አላለፈም። በመልኩ ሶማሌ መስሏቸው ኖሮ ፓስፖርቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጠው ለብቻው አቆሙት። እኛ ሦስታችን ወዲያው ስናልፍ እርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከደጅ ቆየ። እኛም ሻንጣችንን አስቀምጠን ተመለስንና እስኪለቁት ድረስ አጠገቡ ቆምን። ማታ ከጸሎት በኋላ እንዲህ አለን፦ «ፓስተር፣ ለመፈተሹ ግድ የለኝም። እናንተን ሳይጠይቁ እኔን ብቻ መጠየቃቸው ነው ያመመኝ። እኔስ በሳምንት ውስጥ አገሬ እገባለሁ። በገዛ አገሩ በየበሩ እንዲህ የሚቆመው ሰው ምን ይበል?»

ጥያቄው እውነተኛ ነው። በሚያዝያ 2014 የኬንያ ፖሊስ ኢስትሊ በተባለው ሰፈርና በሌሎችም ስፍራዎች ባካሄደው ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ነበር። ብዙዎቹ ሶማሌዎች ነበሩ፤ ለማጣራት ተብሎም በካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ ታጉረው ሰንብተዋል። በኢስትሊ የእኛም አገር ስደተኞች ብዙ ናቸው። ሕይወትን ለመጠበቅ የቆመ ፍተሻ አንዱን ወገን ብቻ ለይቶ ሲያይ፣ በሩ ላይ ሌላ ቁስል ያቆስላል። ያን ማታ ለወንድማችን ፈጣን መልስ አልነበረንም። እጃችንን ጭነን ጸለይንለት፤ ቃሉንም አብረን ከፈትን።

በዘፍጥረት 44 የዮሴፍ ቤት አዛዥ የወንድማማቾቹን ስልቻ ሲፈትሽ እናነባለን። የብሩ ጽዋ በማን ስልቻ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ያኖረው ራሱ ነውና። ቢሆንም ከታላቁ ጀምሮ በታናሹ ጨረሰ፤ አንድንም አልዘለለም። ትልቅ ነው ተብሎ ሮቤል አላለፈም፤ ታናሽ ነው ተብሎም ብንያም ከሁሉ በፊት አልተጎተተም። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውንና ልብሱ ያደፈውን ለያይተን እንዳናይ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ፍተሻ ካለ ሁሉን እኩል ይንካ፤ ይልቁንም ከታላቆቹ ይጀምር።

የሰው ፍተሻ ግን ወሰን አለው። በዘፍጥረት 31 ላባ የተሰረቁበትን ጣዖታት ፍለጋ ድንኳኖቹን ሁሉ በረበረ። ራሔል ግን ከግመሉ ኮርቻ በታች ሸሽጋ ተቀምጣባቸው ነበርና አላገኛቸውም። ብረት ጠቋሚው ቢላዋን ያገኛል፤ ቂምን አያገኝም። ኤክስሬዩ ጠርሙሱን ያሳያል፤ በልባችን የተቀመጥንበትን ጣዖት አያሳይም። በዓለም ያሉትን በሮች ሁሉ «ንጹሕ ነው» ተብለን አልፈን፣ በጌታ ፊት ግን ብዙ የተሸከምን ልንሆን እንችላለን።

የመዝሙር 139 ጸሐፊ እግዚአብሔር ልቡን እንዲመረምርለት ራሱ ይለምናል። ማንም ሳያስገድደው ስልቻውን ይከፍታል። የሆቴሉ ጥበቃ መጥፎ ነገር ካገኘብን ከበር ይመልሰናል። መዝሙረኛው ግን የበደል መንገድ ቢገኝበት ወደ ዘላለም መንገድ እንዲመራው ይጠይቃል። ወገኖች ሆይ፣ እግዚአብሔር ፈትሾ ያገኘብንን ከእኛ ወስዶ እኛን ያስገባናል፤ በመስቀሉም የሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ ጉዞ በኋላ በአጥቢያችንም ይህ ነገር ተነሣ። በትልልቅ ጉባኤዎች ጊዜ አስተናጋጆች በበር ላይ ቦርሳ ይፈትሻሉ። አንዲት እናት «የጌታን ቤት ባንክ አደረጋችሁት» ብለው አዘኑ። ሐዘናቸው ተገቢ ነው፤ የእግዜር እንግዳ አገር ልጅ ናቸውና። ከሽማግሌዎች ጋር ተወያይተን ፍተሻው እንዲቀጥል፣ ግን ሥርዓት እንዲኖረው ወሰንን። አስተናጋጁ በመጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ይፈትሻል። መጋቢውና ሽማግሌዎቹ ከሁሉ በፊት ይፈተሻሉ። በአለባበሱ ወይም በመልኩ ማንም ተለይቶ አይቆምም። እኚያ እናት በሚቀጥለው ጉባኤ መጋቢያቸው እጁን ዘርግቶ ሲፈተሽ አይተው ፈገግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለውም ከኋላ ተሰለፉ።

ስለዚህ ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት ባንክ፣ ሆቴል ወይም ቢሮ ስትገቡ ጥበቃውን ቀና ብላችሁ እዩት፤ ሰላም በሉት፤ በልባችሁም ጸልዩለት። ጌታ ከተማን ካልጠበቀ የጠባቂ ትጋት ከንቱ መሆኑን መዝሙር 127 ያስተምረናልና፣ ጠባቂውም ጠባቂ ያስፈልገዋል። እናንተ ስታልፉ ሌላው ተለይቶ ከቀረ፣ ጥቂት ቆዩለት፤ ብቻውን አይቁም።

አባት ሆይ፣ በየበሩ የሚቆሙትን በሰላም አውለህ ወደ ልጆቻቸው መልሳቸው። በመልካቸው ምክንያት ከደጅ የሚቀሩትን አጽናናቸው። የእኛንም ልብ መርምር፤ ያገኘህብንን ውሰድና በመንገድህ ምራን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።