ናቾስ በእኛ ቤት

ሁልጊዜ ስለ ጾምና ጸሎት እንጽፋለንና ዛሬ ስለ መብል ብንጽፍ አትታዘቡንም ብለን እናምናለን። መብሉም ናቾስ ነው። የምንኖረው ቴክሳስ ስለሆነ ከናቾስ መሸሽ አይቻልም፤ እኛም ለመሸሽ አልሞከርንም። ቅዳሜ ማታ የእሁዱ ስብከት ካለቀ በኋላ ቤታችን የሚሸተው የተጠበሰ በቆሎና የቀለጠ ቺዝ ነው።

ለማታውቁት፣ ስስ የበቆሎ ቂጣ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ላዩ ላይ ቺዝ ይቀልጥበታል፣ ቃሪያ ጣል ይደረግበታል፣ ከዚያ በእጅ ይበላል። ታሪኩ የሚጀምረው በሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለችው በፒዬድራስ ኔግራስ ከተማ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከወንዙ ማዶ ከኢግል ፓስ የመጡ የአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶች ቪክቶሪ ክለብ በሚባል ምግብ ቤት ይቀመጣሉ። ወጥ ቤቱ ሄዶ ኖሯል። አስተናጋጁ ኢግናሲዮ አናያ ራሱ ጓዳ ገባ፤ ያገኘውን ቂጣ ቆርጦ ጠበሰ፣ ቺዝ አቀለጠበት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሃላፔኞ ቃሪያ አስቀመጠበትና አቀረበ። ናቾ ማለት የኢግናሲዮ የቁልምጫ ስም ነው፤ ምግቡም በእሱ ስም ተጠራ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ እኩለ ሌሊት እንግዳ የደረሰበት ሰው የሚያቀርበው ስላጣ የወዳጁን በር ያንኳኳል። ናቾ ያንኳኳው የገዛ ጓዳውን በር ነው። እናቶቻችንም ድንገተኛ እንግዳ ሲመጣ ሽሮ ጣል አድርገው፣ ቃሪያ ሰንገው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በ1976 እዚሁ እኛ አካባቢ፣ አርሊንግተን ስታዲየም ውስጥ፣ የማይረጋ ፈሳሽ ቺዝ የሚፈስበት ናቾስ መሸጥ ተጀመረ። ዛሬ ሲኒማ ቤት የምታዩት እሱ ነው። ኳስ ስናይ እንበላዋለን፤ ቤታችን ግን አናስገባውም።

በቆሎውን በተመለከተ ሜክሲኮዎችን እናደንቃለን። እኛ በቆሎን የምናውቀው በክረምት ከሰል ላይ ተጠብሶ፣ ወይም ተቀቅሎ፣ ወይም በንፍሮ ነው። እነሱ ግን ከሺህ ዓመታት ጀምሮ በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል። ልጣጩ ይለቅቃል፣ ሊጡ ሳይፈረፈር ይያያዛል፣ በቆሎው ውስጥ የታሰረው ናያሲን የሚባል ቫይታሚንም ለሰውነት ይፈታል። በቆሎ ያለ ኖራው ብልሃት ወደ ጣሊያንና ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሲሄድ፣ ከእሱ በቀር ሌላ የማይበሉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቁ። እህሉ ተጓዘ፣ እውቀቱ ግን እዚያው ቀረ።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። ትናንት የተገዛ ቂጣ ከዛሬው ይሻላል፤ እርጥበቱ ስለሚቀንስ ሲጠበስ ቶሎ ይኮረኮማል። ቺዙን ራሳችን እንፈቀፍቃለን፤ ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደሌላው አይቀልጥም። ትሪው ላይ አንድ ረድፍ ብቻ፣ ኦቭኑ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቺዙ እስኪፈላ አምስት ስድስት ደቂቃ። ቲማቲምና ሽንኩርት ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመረው።

ከዚያ ደግሞ የእኛ ሙከራ አለ። አይብ ሞከርን። አይብ እሳት ላይ አይቀልጥም፤ ይደርቃል እንጂ። ስለዚህ ቀዝቃዛውን በሚጥሚጣና በትንሽ ቅቤ ለውሰን፣ ከኦቭን በወጣው ላይ በማንኪያ እናኖራለን። የሃላፔኞውን ቦታ በኮምጣጤ ያደረ ቃሪያ ወሰደው። የኦርቶዶክስ ዘመዶቻችን በጾም ወራት ሲመጡ ደግሞ ቺዙ ይቀርና ሽሮ ፈሰስ በጎድጓዳ ሳህን መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ቂጣው ይደረደራል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም እሱ ይበልጥብናል።

የእንጀራው ናቾስ ብዙ ቅዳሜ ወስዷል። እንጀራ በሦስት ማዕዘን ቆርጠን፣ ዘይት ቀብተን፣ 175 ዲግሪ ላይ እስኪደርቅ አቆየነው። ቺዙ በየዓይኑ ገብቶ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። ወጥ ካፈሰሳችሁበት ግን ዓይኑ ሁሉ ይጠጣና ፍርፍር ይሆናል፤ ወጡ ለብቻው ይቅረብ። የጉባኤያችን አንዲት እናት ቀምሰው፣ «ይሄ እኮ ድርቆሽ ነው፤ ምን ናቾስ ትሉታላችሁ?» አሉን። ሁለት ጊዜ ግን አስጨመሩ።

ይህን ሁሉ የምንጽፍበት ምክንያት የበኩር ልጃችን ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። የመጋቢ ልጅ ሲቀር ጉባኤው ሁሉ ያያል። ወገኖች በፍቅር ይጠይቁናል፤ «ጸልዩለት» ከማለት ሌላ መልስ የለንም። ስለ እምነት ስናነሣበት ጃኬቱን ያነሣል። ሲበላም ምግቡን በሳህን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቤት ተከራይቶ ወጥቷል።

ናቾስ ግን በሳህን ተይዞ አይሄድም። አንዱ ከሌላው ጋር በቺዝ ተጣብቋል፤ ስትስቡት የጎረቤታችሁም ይመጣል። አሥር ደቂቃም አይጠብቅም፤ ቺዙ ይረጋል፣ ቂጣው ይልማል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ትሪ ላይ እናጎነብሳለን። ስልክ በቅባት እጅ አይነካም። በዚያች አሥር ደቂቃ ስለ ሥራው፣ ስለ መኪናው ጎማ፣ አንዳንዴም ስለሚያስጨንቀው ነገር ይነግረናል። እኛም ምዕራፍና ቁጥር ሳንጠቅስ እንሰማለን፤ ለሰባኪ ይህ ቀላል አይደለም። ባለፈው ወር ከመሐል፣ ቺዙ የበዛበትን አንስቶ አጎረሰን። ከልጅነቱ ወዲህ አጉርሶን አያውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን «ዛሬ አለ?» የሚል መልእክት ይመጣል። «አለ» እንላለን። ሲመጣ ቺዝ ገዝቶ ይመጣል፤ ያልተፈቀፈቀውን።